የተውሶ ስህተት

ወዳጄ ስፓኒሽ የጠፋበት የሰዋስው መጽሐፍ የገዛ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት ደህና አድርጎ ይናገር ነበር። ዋሽንግተን ዙሪያ የሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሐበሻ ስፓኒሽ ለመልመድ ክፍል መግባት አያስፈልገውም፤ ዕቃ አጣቢው፣ ሽንኩርት ከታፊው፣ የሌሊት ተረኛው ሁሉ መምህር ነው። በዚያ አካባቢ ከላቲን አሜሪካ ከመጣው ሕዝብ በቁጥር የሚበልጠው የኤል ሳልቫዶር ሰው ነው፤ ሐበሻውም ጥቂት አይደለም። ሁለቱ ወገኖች እንግሊዝኛቸውን ለአለቃ ቆጥበው እርስ በርስ በተገኘው ይግባባሉ። ወዳጄም ከአሚጎዎቹ ጋር ስለ ኳስ ይከራከራል፣ የጎደለ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያሰላል፣ አለቃውን ያማል። በእኔ ግምት በአንድ ቋንቋ ማማት የቻለ ሰው ቋንቋውን ችሏል።

እሱ ግን «የምስክር ወረቀት ከሌለኝ ምን ዋጋ አለው» ብሎ ተነሣ። ስፔን እ.ኤ.አ. በ1991 ያቋቋመችው ኢንስቲቱቶ ሴርቫንቴስ የሚባል ተቋም አለ፤ «ዴሌ» የተባለውን ፈተና ይሰጣል፤ የጀማሪው እርከን ኤ ዋን ይባላል። ማንበብና መጻፉ አንድ ላይ ከ50 ይታረማል፣ ማዳመጥና መናገሩም አንድ ላይ ከ50። ከእያንዳንዱ ወገን 30 ያላመጣ አላለፈም። እንግዲህ ወሬኛ ሰው በጆሮውና በአፉ 50 ከ50 ቢደፍንም ብዕሩ ከወደቀ ወደቀ ማለት ነው። ይህ ለወዳጄ ጥሩ ዜና አልነበረም።

ስለዚህ መጽሐፍ ገዛ። ወፍራም ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ጀማሪዎች የሚሠሯቸውን የተለመዱ ስህተቶች እየዘረዘረ የሚያርም። በየገጹ ስህተቱ ከላይ በደማቅ ቀይ ይታተማል፣ ትክክለኛው ከሥሩ በጭራሮ ጥቁር ፊደል። ወዳጄ ደግሞ ትምህርትን የሚያውቀው በሽምደዳ ነው። ገጹን ከላይ ጀምሮ ሸመደደው። ከላይ ያለው ቀዩ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቅዳሜ ቡና እየጠጣን «ዮ ጉስቶ ካፌ» አለኝ፤ ቡና እወዳለሁ ማለቱ ነው። ዘመኑን ሁሉ «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» ሲል የሰማሁት ሰው! «ይሄን ከየት አመጣኸው?» ብለው፣ «ገጽ ዐሥራ ሁለት ላይ አለ» አለ። ቀዩ ነበር።

መጽሐፉን ተውሼ አነበብኩት። መጥፎ መጽሐፍ አይደለም፤ ለባለቤቶቹ በጣም የሚጠቅም ነው። ባለቤቶቹ ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ናቸው። ስህተት እንደ ጫማ በእግር ልክ የሚሰፋ ነገር ነው፤ የጆን ስህተት ለጆን ተሰፍቶ ሳለ ወዳጄ በገንዘቡ ገዝቶ እግሩን ይልጥበታል።

የጉስታን ነገር ተመልከቱ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «እኔ» ብሎ ከፊት ይቀመጥና ቡናውን ይወዳል፤ አድራጊው እሱ ነው። ስፓኒሽ ይህን ይገለብጠዋል፤ አድራጊው ቡናው ነው፣ ሰውየው ቁጭ ብሎ ይደሰታል። ይህንን ለማስረዳት መጽሐፉ ቀስት ይስላል፣ ሰንጠረዥ ይሠራል፣ በመጨረሻም ተማሪውን ታገሥ ይለዋል። እኛ እኮ «ቡና ደስ ይለኛል» ስንል ነው ያደግነው። ብዙ ሲሆን «ዘፈኖቹ ደስ ይሉኛል» እንላለን፤ እነሱም «ጉስታ»ን «ጉስታን» ያደርጋሉ። ሲያመን «ራሴን ያመኛል» ነው፤ እነሱም «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ»። ከአማርኛ በቀጥታ ቢሄድ አንድ እርምጃ የነበረውን መንገድ ወዳጄ በለንደን ዞሮ ሄደና መንገድ ላይ ጠፋ።

ሌላም አለ። መጽሐፉ «ዮ፣ ዮ አትበል፣ ግሱ ራሱ ይናገራል» እያለ ይማጸናል። «እበላለሁ» ብሎ «እኔ» የሚጨምር አማርኛ ተናጋሪ የተቆጣ እንደሆነ ነው። «ምንም የለኝም» ማለት በእንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ መካድ ስለሆነ መጽሐፉ «አትደንግጡ፣ ስፓኒሽ እንዲህ ነው» ይላል፤ ማን ደነገጠ? ከሁሉ ደግሞ የሚያስቀው፣ «ሌ ማንዶ ዲኔሮ አ ሚ ማድሬ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሌ» ለምን እንደገባች ለማስረዳት የፈጀው ቀለም ነው። እናትየው በስሟ ተጠርታ ሳለ ደግሞ በተውላጠ ስም መጠቀሷ ለጆን ትርፍ ነገር መስሎ ይታየዋል። የዓረፍተ ነገሩ ትርጉም «ለእናቴ ገንዘብ እልክላታለሁ» ነው። «ላታ»ዋን አያችኋት? ውጭ አገር የሚኖር ሐበሻ በየወሩ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማስረጃ አያስፈልገውም።

አደገኛው ምዕራፍ የሙቀት ምዕራፍ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲሞቀው «ሙቅ ነኝ» የሚል አገላለጽ ስላለው እሱን ቃል በቃል ወስዶ «ኤስቶይ ካሊየንቴ» ይላል። ትርጉሙ ሰውየው በወበቅ ሳይሆን በሌላ ነገር መጋሉን ያሳውቃል፤ በወጥ ቤት ውስጥ ከተናገሩት ድስት የሚያስጥል ሳቅ ያመጣል። የእኛ ሰው «ሞቀኝ» እንጂ «ሙቅ ነኝ» ብሎ አያውቅም። ስፓኒሹ «ቴንጎ ካሎር» ነው፤ ሙቀት አለኝ እንደማለት፤ ራብም፣ ጥማትም፣ እንቅልፍም፣ ዕድሜም በዚሁ «ቴንጎ» ይነገራሉ። ወዳጄ ይህን አምስት ዓይነት ቴንጎ በአፉ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። መጽሐፉን ካነበበ ወዲህ ግን ሲሞቀው ዝም ማለት ጀመረ።

በዚህ መሐል ነው ጋሽ ኩባ የገቡት። ጋሽ ኩባ ስማቸው አይደለም፤ ሰፈሩ ያወጣላቸው ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከተደረገው የሶማሊያ ጦርነት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ወደ ኩባ ተልከው ኢስላ ደ ላ ሁቤንቱድ በምትባለው ደሴት በአዳሪ ትምህርት ቤት አድገዋል። እሳቸው ከነዚያ አንዱ ናቸው። ስፓኒሽ ሲናገሩ ዓይናቸው ያበራል፣ እጃቸው ይወናጨፋል፣ የቃሉ መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» ደግሞ ካሪቢያን ባሕር ውስጥ ትሰጥማለች።

ወዳጄ የመጣባቸው የ«ሰር»ንና የ«ኤስታር»ን ነገር ይዞ ነው። ሁለቱም «መሆን» ናቸው፤ ጀማሪን በሙሉ የሚያስለቅሱ እነሱ ናቸው። መጽሐፉ የሰጠው ሕግ አጭር ነው፤ ቋሚ ለሆነ ነገር ሰር፣ ለጊዜያዊ ኤስታር።

«ጋሼ፣ ሞቷል የሚለውን መጽሐፉ በኤስታር ነው የሚለው፤ ኤስታ ሙዌርቶ። ሞት ጊዜያዊ ነው እንዴ?»

«ትንሣኤ ሙታንን ታምን የለም እንዴ?» አሉት። ከሳቁ በኋላ ግን መጽሐፉን ዘግተው አስቀመጡት። «አንተ ልጅ፣ እስቲ ሞቷል በል።»

«ሞቷል።»

«ቀስ ብለህ፣ ከፋፍለህ።»

«ሞቶ… አል።»

«ያቺ ጭራዋ ላይ ያለችው ምንድን ናት? 'አለ' አይደለችም? ሞቶ አለ። ታሞ አለ፣ ታሟል፤ ኤስታ ኤንፌርሞ። ሱቁ ተዘግቶ አለ፣ ተዘግቷል፤ ኤስታ ሴራዳ። አግብቶ አለ፣ አግብቷል፤ ኤስታ ካሳዶ። ላጤስ ብትለኝ? ላጤ ነው። አየህ? ነው መጣ። ኤስ ሶልቴሮ፤ በሰር ነው።»

ወዳጄ አፉን ከፈተ። እኔም ከፈትኩ። ሰውየው ቀጠሉ። «ሙሽራው የት አለ? አዳራሽ አለ፤ ኤስታ። ሠርጉ የት ነው? አዳራሽ ነው፤ ኤስ። ሰውና ዕቃ ያለበትን ስትናገር ኤስታር፣ ድግስና ስብሰባ የሚደረግበትን ስትናገር ሰር። ፈረንጅ ይሄን በልዩ ሕግነት ይማረዋል፤ አንተ ከእናትህ ጀርባ ላይ ሆነህ ሰምተኸዋል።»

በእርግጥ ቁልፉ ሁሉንም በር አይከፍትም። «ሾርባው ትኩስ ነው» ስንል እነሱ «ኤስታ ካሊየንቴ» ይላሉ፤ ሾርባ ላይ ነውር የለውም። «ደህና ነኝ»ም በኤስታር ነው፤ እዚያ ላይ «አለሁ» የሚለውን አሮጌ መልሳችንን ማስታወስ ይረዳል። «ሄዷል»ን ደግሞ ከዚህ ዝርዝር ማውጣት ነው፤ የተደረገውን ይነግራል እንጂ ሰውየው ያለበትን ሁኔታ አይነግርም። ቢሆንም የጋሽ ኩባ «አል» ከመጽሐፉ ቋሚና ጊዜያዊ ስንት እጥፍ ትሻላለች። ማድሪድ ስፔን ውስጥ መሆኗ ምን ጊዜያዊነት አለው? በኤስታር ነው የሚነገረው። ወጣትነትስ ምን ቋሚነት አለው? እሱ ደግሞ በሰር ነው፤ ጋሽ ኩባ ይህን ሲናገሩ ራሰ በራቸውን ዳሰስ አደረጉ።

እንግዲህ የእኛ መንገድ ሁሉ ምንጣፍ የተነጠፈበት ነው ማለቴ አይደለም። የራሳችን ጉድጓዶች አሉን፤ ችግሩ መጽሐፉ አያውቃቸውም። ጆን ስለማይወድቅባቸው ማንም ቀይ ቀለም አላባከነባቸውም።

የመጀመሪያው «አለ» ራሱ ነው። «ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ አለ» እና «መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ አለ» በእኛ ቤት አንድ ግስ ነው። በእነሱ ቤት የመጀመሪያው «አይ» ይባላል፣ ሁለተኛው «ኤስታ»። የእኛ ሰው ኤስታርን ከወደደ በኋላ በየቦታው «ኤስታ ኡን ሊብሮ» እያለ ይተክላል። መለያው እዚያው አማርኛው ላይ ነው፤ ስሙ ጭራ ካወጣ፣ መጽሐፉ፣ ላሟ ካልን፣ ኤስታ ነው፤ ጭራ ከሌለው አይ። ደግሞ ይህች «አይ» ራሷ ጠላት ናት። ወዳጄ በሚሠራበት ወጥ ቤት አዲስ የገባ ልጅ «አይ ሌቼ?» ብለው ወተት መኖሩን ሲጠይቁት፣ ማለቁን ለማሳወቅ በአገሩ ደንብ ራሱን እየነቀነቀ «አይ፣ አይ» አላቸው። አለ፣ አለ ማለቱ መስሏቸው ፍሪጁን ሲያገላብጡ አመሹ።

ሁለተኛው ጉድጓድ «በጣም» ነው። በጣም ጥሩ፣ በጣም እወዳለሁ፣ በጣም አመሰግናለሁ፤ ለእኛ አንድ በጣም ለሁሉ ይበቃል። እነሱ ለቅጽል «ሙይ»፣ ለግስና ለስም «ሙቾ» አላቸው፤ ስም ላይ ሲቆም ደግሞ ከስሙ ጋር በጾታም በቁጥርም ይለዋወጣል። «ሙይ ግራሲያስ» ብሎ ምስጋና ያቀረበ ሐበሻ ስንቱን አይቻለሁ። ምስጋናው ከልብ ነው፤ ፈታኝ ግን ልብ አያርምም።

ሦስተኛው ቁጥር። «ሁለት ቡና» እንላለን፤ ሁለት ካልን በኋላ ብዛቱ ታውቆ የለም፣ ቡናዎች ብሎ ማዳረቅ ምን ያደርጋል? «ሦስት ልጅ አለኝ» ማለትም እንዲሁ ነው። ስፓኒሽ ግን «ዶስ ካፌስ»፣ «ትሬስ ኢሆስ» ካልተባለ አይረካም። እዚህ ላይ ጋሽ ኩባ አልጠቀሙንም። የኩባ አነጋገር የመጨረሻዋን «ስ» ስለሚውጣት እሳቸው «ዶ ካፌ» ሲሉ ወዳጄ «ይኸው፣ እሳቸውም እንደኔ ነው የሚሉት!» ብሎ አንገቱን ቀና አደረገ። ስትጽፍ መልሳት ብለው ቢለምኑት አልሰማም። በነገራችን ላይ መምህር መብዛቱም ጣጣ አለው፤ አሚጎዎቹ እንደ አገራቸው «አንተ»ን «ቦስ» ይሉታል፣ ጋሽ ኩባ «ቱ»፣ መጽሐፉ ደግሞ «እናንተ»ን በስፔን ወግ «ቦሶትሮስ» እያለ ላቲን አሜሪካ የማይሰማውን ያስሸመድዳል። ወዳጄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት አገር ዞሮ ይመለሳል። «ኡስቴድ» ብቻ አላስቸገረውም። ትልቅ ሰውን ለማክበር ግሱን ወደ ሦስተኛ መደብ ማሸሽ «እርስዎ ይበላሉ» ለሚል ሕዝብ ምን ይገርመዋል? ልዩነቱ እኛ የተከበረውን ሰው እናበዛዋለን፣ እነሱ ነጠላ አድርገው ይተዉታል።

የጾታው ጉዳይ አስገራሚ ነው። እኛም ወንድና ሴት እንለያለን፤ ግን ዕቃን የምንለየው በፍቅርና በመጠን ነው። መኪናው ሲያስቸግር «ይሄ መኪና» ነው፣ ሲታዘዝ «ይቺ መኪና»። ስፓኒሽ ጠረጴዛን «ላ ሜሳ» ካለ ብትሰበርም ብትወደድም ሴት ናት። የኢትዮጵያ ወጣት ደግሞ ሳያውቀው ሁለቱን መስተአምር በኳስ ተምሯል፤ «ላ ሊጋ» ሴት፣ «ኤል ክላሲኮ» ወንድ። ከዚህ ተነሥቶ በ«አ» የሚያልቅ ሴት፣ በ«ኦ» የሚያልቅ ወንድ ማለት ይቻላል፤ ፈተና አውጪው የሚጠብቅህ ግን «ኤል ፕሮብሌማ»፣ «ኤል ማፓ»፣ «ኤል ዲያ» እና «ላ ማኖ» ጋ አድፍጦ ነው። ፕሮብሌማ ወንድ መሆኑን ወዳጄ አንዴ ሰምቶ አልረሳውም፤ ምክንያቱን ባለቤቱን ጠይቋት ነገረችው።

ቅጽሉ ከስሙ በኋላ መምጣቱን ለማስታወስ «ካሳብላንካ»ን ማሰብ ይበቃል፤ ቤት ነጭ። «ሪያል ማድሪድ» ይህን ያፈርሳል ብሎ የተከራከረኝ ደጋፊ አለ፤ እውነቱን ነው። ሪያል ማለት ንጉሣዊ ሲሆን ማዕረጉን እ.ኤ.አ. በ1920 የሰጡት ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ ናቸው፤ ንጉሥ የሰጠው ቃል ከፊት ቢቀመጥ ማን ይከሳል?

ወደ ጽሕፈቱ ስንመጣ አንዲት ጭረት የሰው ክብር ይዛለች። «ዓመት» በስፓኒሽ «አኞ» ነው። «ኞ»ን የሚጽፉት ኤን ላይ ትንሽ ሰረዝ አድርገው ነው፤ የጥንት ጸሐፊዎቻቸው ሁለት ኤን ደርበው ከመጻፍ አንዷን ከላይ እያሳጠሩ ያመጧት ናት። የእኛ ሰዎችም ግእዝ ያልነበረውን «ኘ» ለአማርኛ ያበጁት «ነ» ላይ መስመር ጭነው ነው። ሳይመካከሩ አንድ ሐሳብ! እና ይህን ፊደል በደሙ ይዞ የተወለደ ሰው፣ ስልኩ ላይ ስላላገኘው ብቻ ሰረዟን ትቶ ይጽፋል። «አኖ» ደግሞ የምንቀመጥበት ነው፤ እሱም አካባቢው ሳይሆን በሩ። ወዳጄ በልምምድ ወረቀቱ ላይ ዕድሜውን ሲገልጽ እንደዚያ ያለ ነገር አርባ ሁለት እንዳለው በጽሑፍ አረጋግጧል።

በነጥብ አጣጣሉም ተቸግሯል። ስፔኖች እ.ኤ.አ. ከ1754 ጀምሮ ጥያቄን በግልብጥ ምልክት ይከፍታሉ፤ ቃለ አጋኖንም እንዲሁ ገልብጠው ከፊት ያቆሙታል። ይቺ የተገለበጠች ቃለ አጋኖ በእኛ ትእምርተ ሥላቅ ናት፤ ያሾፍንበትን ነገር መጨረሻ ላይ የምናኖራት። ወዳጄ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ ሲከፍት ከ«ብዌኖስ ዲያስ» ፊት ቆማ ስላገኛት፣ ደራሲው ገና ከሰላምታው ጀምሮ የሚያላግጥበት መስሎት ነበር።

ማዳመጡ ላይ ደግሞ ሰዓት አለ። መጽሐፉ «ኤስ ላ ኡና፣ ሶን ላስ ዶስ፤ አንድ ሰዓት በነጠላ፣ ሌላው ሁሉ በብዙ» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ወዳጄ አልሳተም። ቀረጻው «ላስ ኦቾ ደ ላ ማኛና» ሲል ግን ብዕሩ ሳይጠይቀው «2» ብሎ ጻፈ። ሰዋስው ሙሉ፣ ቀጠሮው ግን ስድስት ሰዓት የሳተ።

አሁን የቀረው የቅጽ አሞላሉ ነው፤ የጽሕፈቱ አንዱ ክፍል ቅጽ መሙላት ስለሆነ ጋሽ ኩባ አንድ አዘጋጅተውለት ተቀመጠ። ስሙን ጻፈ። ቀጥሎ «አፔዪዶስ» ይላል፤ የቤተሰብ ስሞች፣ በብዙ ቁጥር፤ እነሱ የአባትንም የእናትንም ስለሚይዙ። ወዳጄ ፊቱ በራ። አሜሪካ ከገባ ጀምሮ የአያቱን ስም የሚቀበል ቅጽ አግኝቶ አያውቅም። «ሁለተኛው እኮ የእናት ወገን ነው» ቢሉት፣ «ከየትም ወገን ይሁኑ፣ አያቴን ካሁን ወዲያ አላስወጣቸውም» ብሎ በደማቁ ጻፋቸው። ዜግነት ላይ «ኤቲዮፔ» አለ፤ ይህ ቃል ለወንድም ለሴትም አንድ ስለሆነ የምንሳሳትበት ጾታ የለውም።

የትውልድ ቀን ላይ ቆመ።

«ምን ሆንክ?» አሉት።

«ጳጉሜን 3 ነው የተወለድኩት።»

መጽሐፉን ሦስታችንም ከፊት እስከ ኋላ አገላበጥነው። የወር ስም በትንሽ ፊደል ይጀምራል፣ እንደ እንግሊዝኛ በትልቅ ፊደል የጻፈ ተሳስቷል ይላል፤ ዐሥራ ሁለቱንም ይዘረዝራል፤ ዐሥራ ሦስተኛው የለበትም።

«ሴፕቲየምብሬ ብለህ ዝጋው» አሉት ጋሽ ኩባ። «በትንሽ ፊደል።»